ጠርዙ ላይ የቀረው

ሰኞ

ሌንሱ ዛሬ መጣ። ታቅፌው ነው ወደ ቤት የገባሁት። ሙሉ ብረት ነው፣ ይከብዳል። ቀለበቶቹ ጥርስ አላቸው፤ የብርሃኑ ቀለበት ቀጭ ቀጭ ሳይል ዝም ብሎ ይዞራል፤ የርቀት ቁጥሮቹ በግራም በቀኝም ተጽፈዋል። ከካሜራው ጋር የሚነጋገርበት አንዲት ሽቦ የለውም። ካሜራው «ሌንስ አልተገጠመም» ብሎ አሻፈረኝ ሲል ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ «ባይገጠምም ቅረጽ» አልኩት። እንዲህ ያለ ዕቃ ደስ ይለኛል። የሚያተኩረው እጄ ነው እንጂ ማሽን አይደለም።

የእኛ ካሜራ ትንሽ ነው፤ ውስጡ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰርም ትንሽ ነው። ለትልልቆቹ ካሜራዎች ሰፊ የሚባለው ሌንስ እዚህ ሲገጠም መሃሉን ብቻ ይዞ ጠርዙን ይጥለዋል። ይኼኛው ግን ለትንሽ ሴንሰር ተብሎ የተሠራ ነው። በእማዬ ሳሎን ጥግ ላይ ቆሜ ስገጥመው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ መስኮቱም በሩም ወንበሩም ባንድ ላይ ገቡ። የበሩ መስመር እንኳ አልተንሻፈፈም።

እህቴ ስክሪኑን አየት አድርጋ «ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ነገር ከኛ የበለጠ ያያል» አለች።

ፊልሙ የሷ ነው። ዳይሬክተሯ እሷ፣ ካሜራው እኔ፣ ተዋናይዋ እናታችን። እማዬ ዕድሜዋን መድረክ ላይ የጨረሰች ሴት ናት። ታሪኩ የኖረችበትን ቤት ለቃ ልትወጣ ዕቃዋን ስለምትሸክፍ አሮጊት ነው፤ የምንቀርጸውም እዚያው እሷ በምትኖርበት ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ልቧ ደክሟል። ሐኪሙ «የምትሠሩ ከሆነ አሁን ሥሩ» ብሎናል፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ለሦስታችንም ገብቶናል። ፕሮዲዩሰሩ አንድ ወጣት ካሜራማን ይዞ መጥቶ ነበር። እማዬ «ልጄ ካልቀረጸኝ እኔ ካልጋዬም አልነሣ» ብላ ሸኘችው።

ስወጣ የበሩ መቃን ትከሻዬን መታኝ። ይህ ቤት ድሮም ጠባብ ነው።

ረቡዕ

ሰፊ ሌንስ አንድ ጣጣ አለው፤ ከኋላው ካልቆምክ መደበቂያ የለህም። ቀረጻ ሲጀመር ሁሉም ክፍሉን ለቆ ይወጣል። ድምፅ ሠራተኛው ኮሪደሩ ላይ፣ እህቴ ስክሪኗን ይዛ መኝታ ቤት፣ መብራት ሠራተኛው ሽቦ ደግሞ ደረጃው ላይ። (ሽቦ ያልነው ቅጥነቱን አይተን ነው፤ እሱም ወዶታል።) የምንቀረው እኔና እማዬ ብቻ ነን። ፊቷ ፍሬሙን እንዲሞላ ከፈለግኩ አንድ ክንድ እስከማይሞላ ርቀት ድረስ መጠጋት አለብኝ። ትንፋሿ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«አፍንጫዬን አስረዘምከው አሉ» አለችኝ ዛሬ።

«ማነው ያለው?»

«አለቃ።» እህቴን እንዲህ ነው የምትጠራት።

«ውሸቷን ነው። መሃል ያለ ሰው አይረዝምም። የሚለጠጠው ጠርዝ ላይ የቆመ ነው።»

«እንግዲያው መሃል አስቀምጠኝ። በስተርጅና አትለጥጠኝ።»

ሳቅን። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ቀረጻውን ለጥቂት ጊዜ አቆምን።

ዓርብ፣ በጥድፊያ

የትናንቱ ተበላሽቷል። ግራ ጠርዝ ላይ የመብራት ስታንድ እግር ገብቷል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። እማዬ ልብስ እያጣጠፈች ያለቀሰችበት ነው። ልቧ ለደከመ ሰው እንደገና አልቅሺ አይባልም። እህቴ የምታየው ፊት ነው፤ ጠርዝ የሚጠብቀው ካሜራ የያዘ ሰው ነው። ጠብቄያለሁ። አልነበረም። ሽቦ ሳይነግረኝ ጠጋ አድርጎታል፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሰኞ

ደግሞ ዛሬ። በግራ የእህቴ ጃኬት ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በቀኝ የመብራት ገመድ ወለሉ ላይ ተጋድሞ። ሽቦን ጠርቼ ሰው ፊት ጮኽኩበት።

«ጋሼ፣ ገመዱ እኮ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው። እርስዎም ረግጠውት አለፉ።»

«አልነበረም!»

«ነበረ፣ ጋሼ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልነበረም!»

ሽቦ ገመዶቹን አንድ በአንድ ጠቀለለ። «ሌላ ሥራ ተገኝቶልኛል» ብሎ ለእህቴ ብቻ ነግሯት ሄደ። እማዬ ከወንበሯ ሆና «ይህን መሐላ ሁለተኛ ቤቴ ውስጥ እንዳትምል!» አለችኝ። እንዲህ ስትቆጣ ካየኋት ዘመን አልፏል። ተራ መሐላ እኮ ነው፣ ሰው ሁሉ ይምለዋል።

ማታ ነው አሁን። በልጁ ላይ በዛሁበት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ትዝ አለኝ፤ ግን የፈራሁት አህያ የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ነገ እደውልለታለሁ።

ማክሰኞ

አንድ ብስክሌተኛ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ክንዴን ገጭቶ አለፈ። ቆም ብሎ «ዕውር ነህ እንዴ?» አለኝ። የዘንድሮ ልጆች መንገድ ለነሱ ብቻ የተሠራ ይመስላቸዋል። ሻይዬንም ጠረጴዛ ላይ ደፋሁት። ለሽቦ አልደወልኩም።

ሐሙስ

እማዬ ዕቃ እየነካካች አስቸገረችን። መተላለፊያው ላይ ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ ማንም ሳያያት ወደ ግድግዳ አስጠግታታለች። በሩንም እስከ መጨረሻው ከፍታ በድንጋይ አስደግፋዋለች። ትናንት በዚያው ትዕይንት በሩ ገርበብ ያለ ነበር፤ ሁለቱ ምስል ሲቀጠል አይገጥምም።

«እማዬ፣ በሩን አትንኪብኝ ብዬሽ አልነበር?» አለች እህቴ።

«ይከፈት። ሰው የሚመታው ግማሽ የተከፈተ በር ነው።»

«ማንን ነው የሚመታው?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች መሰለኝ። እኔ ሌንሱን እየጠረግኩ ነበር።

ልወጣ ስል ካልሸኘሁህ አለች። በግራዬ በኩል መጥታ ክንዴን ያዘች። እንድደግፋት መስሎኝ ክንዴን አጠነከርኩ። «ደረጃ አለ» ትለኛለች። ደግሞ ትንሽ ቆይታ «ደረጃ አለ»። ያደግኩበት ደረጃ እኮ ነው። «አንቺ ለራስሽ ተጠንቀቂ» አልኳት። እጇን አለቀቀችም።

ዓርብ

ፕሮዲዩሰሩ መጥቶ ነበር። እኔ ውስጥ ባትሪ ስቀይር ከእህቴ ጋር ኮሪደሩ ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ጥሩ ዓይን እንደነበረው አልክድም። አሁን ያያል ወይ ነው የምልሽ።»

«ደክሞት ነው። እናታችን እኮ ናት እየሞተች ያለችው።»

«ያን ወጣት ካሜራማን ላምጣዋ።»

«ወንድሜ ከተነሣ እሷ ትተወዋለች። ልታስጨርሰኝ ነው ልታስጥለኝ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኔው ጆሮ ደህና አድርጎ ነው የሚሠራው። ሰውዬው በሕይወቱ ሌንስ ጨብጦ አያውቅም። ይህን ያህል ሰፊ ነገር የያዘ ሰው ሁሉ ጠርዝ ያመልጠዋል፤ መሃሉን በእጅ እያተኮሩ አራቱንም ማዕዘን መጠበቅ ቀላል አይደለም። የሆነ ሆኖ መላ አግኝቻለሁ። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ክፍሉን በግድግዳው ዙሪያ በእጄ እየዳሰስኩ እዞረዋለሁ። ዛሬ እንዲህ አድርጌ አንድ ባልዲና የእማዬን ጫማ አገኘሁ። ምስሉ ንጹሕ ሆነ። እህቴ ግን ስዳስስ አይታኝ ኖሮ «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ቅዳሜ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሁሉንም ልጻፈው።

አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ቁልፉን ምስማር ላይ ሰቀለና «ሰለቸኝ» አለ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀውም። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ሲሄድ እጁን ግድግዳ ላይ ያሳርፍ ነበር። በር ሲመታው እኔና እህቴ እንስቅ ነበር፤ እማዬም «በሩ አባታችሁን አይወደውም» እያለች ታስቀን ነበር። የምታስቀን ለምን እንደነበር አሁን ነው የሚገባኝ። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ያየው የነበረው ፊት ለፊቱ ያለችውን አንዲት ክብ ብቻ ነበር። የዓይን ግፊት ነው አሉት፤ ቀድመህ ብትመጣ የቀረውን እናተርፍልህ ነበር አሉት። ልጆችህንም አስመርምር ብለውታል። እኛ ያን ጊዜ ወጣቶች ነበርን፤ ማን ይሰማል።

ዛሬ እማዬ እህቴን ሰበብ ፈልጋ አስወጣቻትና «ና ተቀመጥ» አለችኝ። አጠገቧ ልቀመጥ ስል «እዚያ አይደለም፤ ፊት ለፊቴ» አለች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ሐኪሙ ስለ ልብሽ ምን አለ ደግሞ?»

«የኔን ልብማ ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል። አታድርቀኝ። ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ።»

«ሰኞ የመጨረሻው ትዕይንት ነው። ስንጨርስ እሄዳለሁ።»

«አባትህም ዝናቡ ይለፍና ይል ነበር።»

ምን ልበላት? ሄጄ አንድ ነገር ከተባልኩ ፕሮዲዩሰሩ ይሰማል፤ ያን ልጅ ያመጣል፤ እሷ አልቀረጽም ትላለች፤ የእህቴ ፊልም ሜዳ ላይ ይቀራል። ይህንኑ ነገርኳት። ለእህቴ ብዬ ነው አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እናት ፊት መዋሸት ከባድ ነው፤ ሦስት ትውልድ ተመልካች ፊት የቆመች ተዋናይ ፊት ደግሞ ይብሳል።

«እንግዲያው ቶሎ እንጨርስ» አለች በመጨረሻ።

ምንም የለብኝም። ድካም ነው። ስንጨርስ ግን እሄዳለሁ፣ ቃል ሰጥቻለሁ።

ሰኞ

ሆስፒታል። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

እማዬ ወደቀች።

እህቴ መድኃኒቷ ስላለቀ ፋርማሲ ሄዳ ነበር። ዛሬ ድምፅ ስለማያስፈልግ ድምፅ ሠራተኛውም የለም። «የባዶ ወንበሩን ያዙልኝ፤ ከወጣች በኋላ ወንበሩን ረዘም አድርገህ ያዘው» ብላኝ ሄደች። እማዬ ከወንበሩ ተነሣች። በግራ በኩል ወደ በሩ ሄዳ ከፍሬሙ ወጣች። ወንበሩን ያዝኩ። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ወንበሩ ላይ አረፈ። ያዝኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምስል ይዤ አላውቅም ብዬ አሰብኩ። ያዝኩ።

ከዚያ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በሩ ጋ አልደረሰችም ነበር። ድንገት ነው። ድንገት ነው የሆነው።

ረቡዕ

ነቅታለች። አፍና አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አድርገውላታል። እህቴ እጇን ይዛ «እማዬ፣ አልጠራሽውም እንዴ? እዚያው ክፍል ነበር እኮ» አለቻት።

እማዬ ጭምብሉን በጣቷ አነሣ አደረገች። «አልጠራሁትም» አለች። ትንፋሽ ወሰደች። «ድንገት ነው። ራሴንም ሳላውቅ ነው የወደቅኩት።»

እፎይ አልኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ እናቴ እንዲያ ሆና ተኝታ እኔ እፎይ አልኩ። ከዚያ በጣቷ ጠራችኝ፣ ጎንበስ አልኩላት። «ነገ ሂድ» አለችኝ። የት እንደሆነ እህቴ አልገባትም። እሺ አልኩ።

ሐሙስ

ጠዋት አረፈች።

አልሄድኩም።

ቅዳሜ

ቀበርናት። ብዙ ሰው መጣ፤ መድረክ ላይ ያዩዋት አሮጌ ተመልካቾች ሳይቀሩ። አንዷ ዘመዳችን ከኋላዬ «እጄን ዘረጋሁለት፣ ዘጋኝ» ስትል ሰማኋት። ማንንም አልዘጋሁም። ዞሬ ልነግራት አሰብኩና የቱ ጋ እንደቆመች አጣኋት።

ሽቦ መጥቶ ነበር። ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ፤ ድንጋይ ያለበትን መንገድ በዝግታ አሻገረኝ። ይቅር በለኝ ልለው ከቤት ጀምሬ ሳሰላስለው የነበረ ቃል ነበረኝ። አፌ ላይ የመጣው «መጣህ?» የሚል ብቻ ነው።

«እናታችን አይደሉ እንዴ» አለኝ።

ማክሰኞ ማታ

የካሜራውን ካርድ ከፈትኩት። ማንም ሳያየው ብቻዬን ላየው ፈለግኩ። የድሮ ልማድ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

መጀመሪያ ያየሁት ወንበሩን ነው። መሃል ላይ፣ ብርሃኑ ቀስ እያለ ሲተኛበት። እውነትም ያምራል። ለሁለተኛ ጊዜ ስመለስ ጣቴን ስክሪኑ ግራ ጠርዝ ላይ አስደግፌ ዓይኔን እዚያው አሰርኩት።

እማዬ ከፍሬሙ አልወጣችም። ሌንሱ ይዟታል።

ሦስት እርምጃ እንኳ አልሄደችም። ግድግዳውን ያዘች። ከዚያ የተሸከፈው ሻንጣ ላይ በቀስታ ተቀመጠች፤ ትዕይንቱ እንዳይበላሽ የምትጠነቀቅ ይመስላል። አንድ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አልቀዳንም፣ ድምፅ ኖሯትም እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ሌላኛውን እጇን አንሥታ ወደ እኔ ዘረጋች። ጠርዝ ላይ ስለሆነች ክንዷ ተለጥጦ ያለመጠን ረዝሟል። አወዛወዘችው። ትንሽ አረፍ አለች። ደግሞ አነሣችው። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። እኔ እዚያው ነኝ፣ ተነሥቼ ብራመድ የምደርስባት ቦታ ላይ፤ ወንበር እየቀረጽኩ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ስታነሣው ተስፋ ቆርጣ ይሁን አዝናልኝ ይሁን ፊቷ ለወጥ አለ። ደጋግሜ አየሁት፤ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ዘመም ብላ ወደቀች።

«አልጠራሁትም» ብላ ሞተች። ለኔ ስትል ዋሽታ ሞተች።

ይህን ምስል ለማጥፋት አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። እሷ መስክራልኛለች፤ ሌላ ያየ የለም። ጣቴ ቁልፉ ላይ ብዙ ቆየ። ግን የመጨረሻዋ ነው። ከዚህ በኋላ እናቴ በየትም ቦታ፣ በማንም ካርድ ላይ አትንቀሳቀስም። አልቻልኩም። ለሐኪም ቀጠሮ መያዝ ነበረብኝ፤ ሽቦ ላይ መጮህ አልነበረብኝም፤ ካሜራውን ለዚያ ልጅ መስጠት ነበረብኝ። ልጁ ያያት ነበር። ማንም ሰው ያያት ነበር።

ረቡዕ

እህቴ ካርዱን ልትወስድ መጣች። ሰጠኋት። «የባዶ ወንበሩን ስታዪ ግራውን እዪ» አልኳት፤ ከዚያ በላይ ቃል አልወጣኝም። ኮምፒውተሯን ይዛ የእማዬ መኝታ ቤት ገባች። ብዙ ቆየች። አንድ ጊዜ «እማዬ» ስትል ሰማኋት።

ወጥታ መጣችና ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። ፊት ለፊቴ ያለውን ግድግዳ እያየሁ ስድቧን ጠበቅኩ። እንድትጮህብኝ ፈለግኩ፤ እኔ ሽቦ ላይ እንደጮኽኩት ሰው ፊት ብታደርገው ይቀለኝ ነበር። ዝምታው ሲረዝምብኝ «በይ ተናገሪ፣ ስደቢኝ» አልኳት።

ከዚያ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ሰማኋት። ዞር ስል እጇ ከጆሮዬ አጠገብ ተዘርግቷል፤ ጣቶቿ ተበታትነዋል።

«ከተቀመጥኩ ጀምሮ እያወዛወዝኩልህ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝ።